እንግሊዝኛውን ያነባል፣ ግን አይገባውም ላሉት

የሦስተኛ ክፍል ልጅዎ ታሪኩን ጮክ ብሎ አንብቦ «ምን ይላል?» ሲሉት ዝም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉ ስለሚከብደው ነው። ቀለል ያለ ይስጡት። አንድ ገጽ ሲያነብ በማያውቀው ቃል ሁሉ አንድ ጣት ይጠፍ፤ አምስቱም ካለቁ ያ ታሪክ ለጊዜው ይቆይ።

የሚመጥነውን ሲያገኙ፦

1. መጀመሪያ ሥዕሎቹን ብቻ እያያችሁ በአማርኛ ተጨዋወቱ፤ ምን ሊሆን እንደሆነ ይገምት።
2. ያለ እነሱ ታሪኩ የማይገባ አራት አምስት ቃላት ብቻ ያስተምሩት። «ሃንግሪ»ን ሆድዎን ይዘው፣ «ካሪ»ን ቦርሳውን አሸክመው ያሳዩት። መዝገበ ቃላቱ ይቆይ።
3. ያንኑ ታሪክ በማግስቱም በሳምንቱም ያንብበው። ቃል የሚቀረው ሲደጋገም ነው።

አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው ድረ ገጽ ላይ በደረጃ የተከፋፈሉ አጫጭር ታሪኮች በነጻ አሉ። አንዳንዶቹ በአማርኛም ስለሚገኙ አማርኛውን ቀድሞ ማንበብ በጣም ያግዛል።

ልጆች ሳስጠና ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርዎ፦ በየቃሉ እያስቆሙ አጠራሩን ካረሙት ሐሳቡ ሁሉ አጠራሩ ላይ ይሆንና ታሪኩ ይጠፋበታል። ዐረፍተ ነገሩን ይጨርስ፤ ከዚያ እርስዎ አስተካክለው መልሰው ያንብቡለት።