ጀበና ማንሳት ተሳነኝ፤ ከማኅበርም ከለቅሶም ቀረሁ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የአዘዞ ነዋሪ ነኝ፤ 38 ዓመቴ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) ተብዬ ሜቶትሬክሴትና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉ መድኃኒቶች ከጀመርኩ 3 ወር ሆነኝ። ጠዋት ጣቶቼ እስከ 4 ሰዓት አይታጠፉም። ጀበና ከእጄ ወድቆ ከተሰበረ ወዲህ ሰው መሀል መቀመጥ አፍራለሁ። ጎረቤቶቼ «ቁርጥማት ነው፣ ጠበል ይበቃሻል» ይሉኛል። እንዲሁ ልቀር ነው?

መልስ፦ አይቀሩም። በቀጠሮዎ ቀን ግን «እጄን ያመኛል» ብለው ብቻ አይመለሱ። «ጀበና ማንሳት አልችልም፣ ማኅበር ቀርቻለሁ፣ እስከ 4 ሰዓት ተሳስሬ ነው የማረፍደው» ይበሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ የጠዋት መተሳሰር ብግነቱ ገና እንዳልበረደ ያሳያል። ሜቶትሬክሴት ለመሥራት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፤ እርስዎ 3 ወር ስለሞላዎት መጠኑ ይጨመር ወይስ ሌላ መድኃኒት ይታከል የሚለው የሚታይበት ጊዜ ነው።

ሜቶትሬክሴት የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጉዳቱን ለመቀነስ አብሮ የሚታዘዘው ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲዱ፣ በሌላ ቀን። በስህተት በየቀኑ የዋጠ ሰው አፉ ይቆስላል፣ መቅኔው ደም ማምረት ያቅተዋል፣ ሊሞትም ይችላል። ቀኑን የቤት ሰው ሁሉ ይወቀው። ጉበት ስለሚነካ ከአረቄና ከጠላ ይራቁ፤ ማኅበር ላይ ብርዝ ይጠይቁ። ጽንስም ስለሚጎዳ ለመውለድ ካሰቡ አስቀድመው ይንገሩን። ጠበል ይጠመቁ፣ መድኃኒቱን ግን ይዘው ይሂዱ፤ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ከተቋረጠ ሰው ራሱን እስከ መሳት ይደርሳል። የሚወሰደው ጠዋት ከምግብ ጋር ስለሆነ የጾሙን ሰዓት ለንስሐ አባትዎ ያማክሩ።

ወደ ጀበናው እንመለስ። ቀጭን እጀታ በጣት ጫፍ ሲያዝ ሸክሙ ሁሉ ባበጠው አንጓ ላይ ያርፋል። እጀታውን በጨርቅ ጠቅልለው ያወፍሩት፣ መዳፍዎ ውስጥ እንዲገባ። ጀበናውን እስከ ግማሽ ብቻ ይሙሉ፤ ሲቀዱ በሌላው እጅዎ በታጠፈ ወፍራም ጨርቅ ከሥሩ ይደግፉት። ዘነዘናውን ለልጅ ይስጡ፤ መቁላቱ የእርስዎ ይሁን። ሰው የሚጠሩት ጠዋት ሳይሆን 9 ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት እጅዎ ይፈታል። ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ እጅዎን ነክረው ቀስ እያሉ ይጨብጡ፣ ይዘርጉ።

ለቅሶ ቤት ምንጣፍ ላይ አይቀመጡ፤ ወንበር ይጠይቁ፣ በየግማሽ ሰዓቱም ይነሱ። መጨባበጥ ካመመዎት ቀኝ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ጎንበስ ይበሉ፤ ማንም አይቀየምም። የእድር ሥራ ሲደርስዎ ድስት ማንሳቱን ትተው መዋጮ መሰብሰቡን ይያዙ። ለጥምቀት ደግሞ ጥር 11 ንጋት በፋሲል መዋኛ ብርድ ውስጥ ከመቆም ይልቅ በከተራው ከሰዓት በኋላ ታቦታቱን ማጀብ ይቀልዎታል።

ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል ወይም ደረቅ ሳል ከጀመረዎት የዚያን ሳምንት ሜቶትሬክሴት ሳይውጡ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።