ብስክሌት በኮረኮንችና በጫካ መንገድ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ በጫካና በእርሻ መሃል የሚያልፍ 60 ኪሎ ሜትር ዙር ከካርታ ላይ አወጣሁ። በአስፋልት ይህን ርቀት በሁለት ሰዓት ተኩል እጨርሰዋለሁ፤ በዚህኛው ግን አምስት ሰዓት ገደማ ፈጀብኝ፤ ከፊሉንም ብስክሌቱን እየገፋሁ ነው ያለፍኩት። መንገዱ ምን እንደሚመስል ሳልወጣ የማውቅበት ዘዴ አለ?

መልስ፦ አለ፤ መጀመሪያ ግን ርቀቱን ወደ ጎን ይተዉት። በኮረኮንች ጉዞ ወሳኞቹ መንገዱ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ፣ ዳገቱ እና ውሃ የሚተኛበት ቦታ ናቸው።

ከኦፕን ስትሪት ማፕ ይጀምሩ። ይህ ካርታ የገጠርና የደን ተሽከርካሪ መንገዶችን እንደ ጥንካሬያቸው ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ 1 የተነጠፈ ወይም በደንብ የተጠቀጠቀ ሲሆን 5 ልል አፈር ወይም ሣር ነው። ከ1 እስከ 3 ያሉት 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ላለው ብስክሌት ይመቻሉ። 4 እና 5ን ዝናብ በጣለ ማግስት አይሞክሯቸው። ደረጃው የሚለካው ጥንካሬን እንጂ ልስላሴን አይደለም፤ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ የተበተነበት መንገድም 2 ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። የሚመዘግቡት በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑም ብዙ መንገድ ደረጃ ሳይሰጠው ይቀራል።

ያኔ የሳተላይት ምስል ይክፈቱ። ሁለት ትይዩ መስመሮች ሆነው በመሃላቸው ሣር ከታየ መኪና ወይም ትራክተር የሚሄድበት ነው፤ ይነዳል። አንድ ቀጭን መስመር የእግረኛ ወይም የከብት መንገድ ነው። መስመሩ ሜዳ ላይ ደርሶ ሦስትና አራት ቦታ ከተበተነ፣ ሰው ጭቃ እየሸሸ አዲስ መንገድ ያወጣበት ስፍራ ነውና በዝናብ ወቅት ማጥ ይጠብቅዎታል። ጫካ ውስጥ ያለው በቅጠል ስለሚሸፈን መግቢያውንና መውጫውን ያነጻጽሩ፤ በሁለቱም በኩል ሰፊ ከሆነ ውስጡም ሰፊ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ዳገቱን ለማወቅ የከፍታ መስመር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር) ያለበት ካርታ ያስፈልጋል። በመስመሮቹ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ከሆነና መንገዱ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 5 መስመር እየወጣ ካቋረጠ 100 ሜትር ከፍ ብሏል፤ አማካዩ 10 በመቶ ነው። አማካይ ግን ያታልላል፤ በውስጡ 16 በመቶ የሆነ 200 ሜትር ሊደበቅ ይችላል፤ ልል ጠጠር ላይ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዳገት ከኮርቻ ተነሥተው ሲገፉት የኋላ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ግንድ ለሚጭኑ መኪኖች የተሠራ የደን መንገድ ኮረብታውን እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ ይወጣል። ግንድ ቁልቁል የሚጎተትበት መስመር ግን የከፍታ መስመሮቹን ቀጥ ብሎ ይሰነጥቃቸዋል፤ ጎርፍም ስለሚቦረቡረው ብዙውን ጊዜ አይነዳም።

ጊዜውን በየዓይነቱ ያስሉት። መካከለኛ ጉልበት ላለው ሰው በጠንካራ ኮረኮንች በሰዓት 18፣ በአፈር ጥርጊያ 13፣ በጫካ የእግር መንገድ 8 ኪሎ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። የእርስዎ 60 ኪሎ ሜትር 30ው ኮረኮንች፣ 20ው አፈር፣ 10ሩ የእግር መንገድ ቢሆን 100፣ 92 እና 75 ደቂቃ ይወጣዋል፤ ድምሩ 4 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ነው። የግማሽ ሰዓት እረፍት ሲጨመርበት አምስት ሰዓት ሞላ። ስለዚህ የዘገዩት እርስዎ ደካማ ስለሆኑ አይደለም፤ ዕቅዱ ነው የተሳሳተው። ከጥቂት ጉዞ በኋላ እነዚህን ፍጥነቶች በራስዎ ይተኳቸው። አስቸጋሪውን ክፍል ጉልበት ሳይደክም በመጀመሪያው አጋማሽ ያድርጉት፤ በየ10 እና 15 ኪሎ ሜትሩም ወደ አስፋልት የሚያወጣ መንገድ ምልክት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ጎማዬ 40 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቴ 75 ኪሎ ነው። በ60 ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ስነዳ እጄ ይደነዝዛል። ወደ 25 ሳወርደው ደግሞ ካላማዳሪው ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ተቀደደ። ትክክለኛው ልክ ስንት ነው?

መልስ፦ ጎን ለጎን የሚወጣ ሁለት ቀዳዳ የእሾህ ሥራ አይደለም። አየሩ ሲያንስ ድንጋዩ ጎማውን እስከ ቸርኬው ድረስ ይጫነዋል፤ ካላማዳሪው በቸርኬው ሁለት ጠርዞችና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። 60 ደግሞ ለእርስዎ እጅግ ብዙ ነው። ደርቆ የተነፋ ጎማ በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ ብስክሌቱንና ነጂውን አብሮ ያነሣል፤ ለፍጥነት የሚሆነው ጉልበት በመንጠር ያልቃል። ለስለስ ያለው ግን ጠጠሩን ውጦ ያልፋል። በኮረኮንች ላይ ለስላሳ ጎማ ፈጣን ነው ስንል ለምቾት ብቻ አይደለም።

በካላማዳሪ ከፊት 35፣ ከኋላ 38 ፒ.ኤስ.አይ. ይጀምሩ። ጎማዎ ቱብለስ (ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ) ከሆነ 30 እና 33 ይበቃል። ከዚያ አንድ መንገድ መርጠው በየጊዜው በ2 ፒ.ኤስ.አይ. ብቻ እየቀነሱ ይሞክሩ። ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ከተሰማ ወይም ጎማው በመታጠፊያ ላይ ከጎን ወደ ጎን ከተዋለለ አንሷልና 3 ይጨምሩ። ሁልጊዜ በአንድ መለኪያ ይለኩ፤ ሁለት ፖምፓ አንድ ዓይነት ቁጥር ላያሳይ ይችላል። ጓዝ ከጫኑ በየ10 ኪሎው ከ2 እስከ 3 ይጨመራል፤ ጭነቱ ከኋላ ከሆነ ለኋላው ጎማ ብቻ።

ቱብለስ ለሚጠቀሙ፦ ለዚህ ስፋት 60 ሚሊ ሊትር ያህል ቀዳዳ ደፋኝ ፈሳሽ ይበቃል፤ ይሁንና እንደ ሙቀቱ ከ2 እስከ 6 ወር ውስጥ ስለሚደርቅ በየሦስት ወሩ ከፍቶ ማየት ይገባል። ቱብለስ ቢሆንም አንድ ካላማዳሪ ይያዙ። እሱን ከማስገባትዎ በፊት የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጥንቃቄ ይዳስሱ፤ ፈሳሹ ደፍኗቸው ሳያውቋቸው የቀሩ እሾሆች ተሰክተው ይገኛሉ፤ ካልተነቀሉ አዲሱን ካላማዳሪ ወዲያው ይበሱታል።

ጥያቄ፦ የብስክሌቴ ማርሽ ከፊት 40፣ ከኋላ ትልቁ 34 ጥርስ ነው። ዳገት ላይ ጉልበቴን ያመኛል።

መልስ፦ ማርሹ ከብዶዎታል። ለጫካ ዳገት ቀላሉ ማርሽ ከአንድ ለአንድ በታች ቢሆን፣ ማለትም የፊቱ ጥርስ ከኋላው ቢያንስ፣ ይመረጣል። 40 ለ34 ላይ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ለማዞር በሰዓት 9.3 ኪሎ ሜትር መሄድ ግድ ይላል፤ በ40 ለ42 ግን 7.5 ይበቃል። የኋላውን ከመቀየርዎ በፊት የኋላ ማርሽ ቀያሪው 42 ጥርስ የሚችል መሆኑን ያረጋግጡ። ካቴናውም አብሮ መርዘም አለበት፤ አጭር ካቴና በትልቁ ጥርስ ላይ ሲገባ ማርሽ ቀያሪውን ሊሰብረው ይችላል።

ጥያቄ፦ ቁልቁለት ላይ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ነው፤ መታጠፊያው ደግሞ ያንሸራትታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሽብሽቡ የሚበረታው መኪኖች ፍሬን በሚይዙበትና ሞተር በሚያስጮኹበት ቦታ ነው፤ ማለትም ከመታጠፊያ በፊትና ዳገት ላይ። ስለዚህ ፍሬንዎን ገና ሽብሽቡ ሳይጀምር፣ ቀጥታው ላይ ይጨርሱ፤ ጎማው እየዘለለ ፍሬን መያዝ አይቻልምና። መንገዱ ባዶ ከሆነ ዳር ዳሩ አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። በመታጠፊያው ላይ መኪኖች ልሉን ጠጠር ወደ ውጪኛው ጠርዝና ወደ መሃል ይገፉታል፤ የጎማቸው መስመር ግን ጠርጎ ስለሚጸዳ እሱን ይከተሉ። የመሪውን ታችኛ ክፍል ይያዙ፣ ክርን ይታጠፍ፣ ክብደትዎ ከኮርቻው ይልቅ በእግርዎ ላይ ይረፍ፤ ሲታጠፉ የውጪው ፔዳል ወደ ታች ይሁን። እርጥብ ሥር ካጋጠመዎት በተቻለ መጠን ቀጥ ብለው፣ ፍሬን ሳይነኩ ይለፉት።

ጥያቄ፦ ጭቃ ውስጥ ገብቼ የኋላ ማርሽ ቀያሪው ተጠምዞ ራጂ ውስጥ ገባ። ለምን?

መልስ፦ ጭቃና ቅጠል ወይም ጭራሮ ካቴናውን ሲይዘው እግርዎ መግፋቱን ስለቀጠለ ነው። በጎማውና በፎርሴላው መካከል በየጎኑ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከሌለ የሸክላ አፈር በጥቂት ሜትር ውስጥ ይሞላዋል። ፔዳሉ በድንገት ሲከብድ ወይም የመፋጨት ድምፅ ሲሰማ ወዲያው መግፋትዎን ያቁሙ፣ ይውረዱ፣ በእንጨት ይጥረጉ። የሚጣበቅ አፈር ላይ ብስክሌቱን አይግፉት፤ ይሸከሙት ወይም በሣሩ ዳር ይውሰዱት። ማርሽ ቀያሪውን ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ብረት ብዙውን ጊዜ የሚሠራው አካሉን ለማዳን ቀድሞ እንዲታጠፍ ነው፤ ቅርጹ በየብስክሌቱ ስለሚለያይ የራስዎን ዓይነት አንድ መለዋወጫ በቦርሳ ይያዙ። ቤት ሲገቡ በቀስታ በሚወርድ ውሃ ይጠቡት፤ በኃይል የሚረጭ ውሃ ከኩሽኔቶቹ ውስጥ ቅባቱን ያስወጣል። ካቴናው ከደረቀ በኋላ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ዘይት አድርገው ትርፉን ይጥረጉ፤ የፍሬን ሸራውንም ይዩት፤ አሸዋማ ጭቃ በአንድ ጉዞ ብቻ ብዙ ሊበላው ይችላል።