በጾም የማይወራው ታሪክ

ለወጣት የሥዕል ተመልካቾች

ሰሞኑን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ውስጥ አግኝታኝ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ጋሼ፣ የዚች ሥዕል ትርጉሟ ምንድን ነው?» ሥዕሏ እዚያው ከኋላዋ ካለው በር ውስጥ ናት፤ ልጅቱ የምታሳየኝ ግን ስልኳ ላይ ያለችውን ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በአስጎብኚነት ስለሆነ መልስ አልቸገረኝም። በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፣ አመስግናኝ ሄደች። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔም በእሷ ዕድሜ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። የጠየቅኳቸው ሰው ቶሎ አልመለሱልኝም፤ የመልሱን ግማሽ እስከ ዛሬ እየጠበቅኩ ነው።

ጊዜው የደርግ ነው። ጎንደር ያን ሁሉ ግንብ ይዛ እንግዳ የጠፋባት ጊዜ። አዲስ ተቀጣሪ አስጎብኚ ብሆንም የማስጎበኘው ሰው ስለሌለ በየበዓሉ ገጠር ለገጠር እዞራለሁ። ከአዘዞ ወዲያ በእግር የሚደረስ አንድ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ስሙን ባልጽፈው ይሻላል። ክብ ነው፤ ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው ጭቃ። ውስጥ ሲገቡ ግን የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ በጨርቅ ላይ ተስሎ የተለጠፈ፣ ጫፍ ጫፉ እየተላቀቀ የተንጠለጠለ።

እዚያ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበሩ። ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው ጉልበታቸው ሲደክም ተማሪዎቹን ለሌላ ለቀው ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ አይጠፉም። እጅ ነስቼ፣ መስቀል የያዙ ካህን አሳልሞኝ ከገባሁ በኋላ አንዷ ሥዕል ፊት ቆሜ ጠየቅኳቸው።

«የኔታ፣ ይቺ ሥዕል ምን ማለት ናት?»

«ምን ይታይሃል?»

«ማርያም።»

«ማርያም መሆኗንማ አንተ ሳትወለድ አውቃለሁ። ምን ይታይሃል ነው የምልህ።»

የሚፈትኑኝ መስሎኝ አፈርኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ሥዕሏን ካዩ ዓመታት አልፈዋል፤ በእኔ ዓይን ሊያዩዋት ፈልገው ነው።

ከዚያ የተጀመረው ጥያቄ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አላባራም። የት ተቀምጣለች? መሐል ላይ። ምን ያህል ናት? ግራና ቀኝ ከቆሙት ሚካኤልና ገብርኤል ትበልጣለች፤ ከታች ካሉት ሰዎች ጋርማ አትወዳደርም። «ሰዎቹ ሩቅ ስለሆኑ ነው?» አሉኝ። አይ፣ እግሯ ሥር ናቸው። «እንግዲያው ርቀት አይደለማ የሚለካው» አሉና ዝም አሉ። የእኛ አባቶች ክብርን በቁመት እንደሚስሉ በኋላ ብዙ ቦታ አንብቤዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ዛሬ «የድሮ ሠዓሊዎች ሩቅና ቅርብ መሳል አይችሉም ነበር» የሚል ወጣት ስሰማ ደሜ ይፈላል።

«እጇስ?» ቀኟ በግራዋ ላይ ተሻግሯል፤ ሁለት ጣቶቿ ተዘርግተዋል፤ በግራዋ መሐረብ ይዛለች፤ ልጇን አቅፋለች። ይህ ምስለ ፍቁር ወልዳ የሚባለው አሣሣል ነው። የእጇ አቀማመጥ ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለችው ሥዕል የመጣ ነው፤ ቅጂውን ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ይዘውት ገቡ። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ እጇ ግን ቀረች፤ በየገዳሙ፣ በየደብሩ ተሣለች። ይህን የኔታ አልነገሩኝም፤ ቢሰሙም የሚወዱት አይመስለኝም።

«ጀርባው ምን ቀለም ነው?» ቢጫ አልኳቸው። «ቢጫ ብቻ?» ቀረብ ብዬ አየሁ። ከላይ ቢጫ የነበረው ወደ ታች ሲወርድ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ የት ላይ እንደተለወጠ ግን ጣት አያስቀምጡበትም። ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «የእቴጌ ዘመን ነው ይሉን ነበር አባቶቻችን» አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ጎንደር ሥዕል ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ምሁራን የጎንደርን ሥዕል በሁለት ስልት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከተማዋ ገና መናገሻ በሆነችበት ጊዜ ያደገው ነው፤ ቀለሙ ደማቅና ያልተቀላቀለ፣ ጀርባው ልሙጥ፣ የልብሱ እጥፋት ጎን ለጎን በተሰመሩ መስመሮች የሚታይ። ሁለተኛው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ የገነነው ነው፤ ፊት በጥላና በብርሃን ይሞላል፣ ጀርባው ከቀለም ወደ ቀለም ይሸጋገራል፣ ልብሱ አበባ የተጠለፈበት ባለ ጌጥ ይሆናል። ያሠራው ሰውም ራሱን በሥዕሉ ውስጥ ማስገባት ይወዳል። ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ብትሄዱ እቴጌይቱ ራሷ ከማርያም እግር ሥር ተደፍታ ታገኟታላችሁ።

የኛዋም ሥዕል ላይ እንዲሁ ሁለት ሰዎች ተደፍተዋል። በመጀመሪያ ስለ ወንዱ ተነጋገርን። ግንባሩ መሬት ሊነካ ነው፣ ሁለት እጆቹ ምድር ላይ ናቸው፣ ፊቱ ወደ እኛ ዞሯል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ስሙ በላዩ ተጽፎ ነበር፤ ፊደሉ ተፍቋል። «ባለጸጋ ነበር፤ ይህን ደብር የረዳ» አሉ፤ አያት ቅድመ አያቱን ሳይቀር ቆጠሩልኝ።

ከዚያ ሴቲቱ ጋ ደረስን። እሷም ተደፍታለች፤ ፊቷ ግን በጎን ነው የተሳለው፣ አንድ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ደነገጥኩ። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይን፣ ርኩስ አንድ ዓይን መሆኑን ማንም አስጎብኚ ያውቀዋል፤ ይሁዳ በጎን ነው፣ ሰይጣን በጎን ነው፣ ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች በጎን ናቸው። «የኔታ፣ ይቺ ሴት ክፉ ናት እንዴ?» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ «እጇን አይተሃል?» አሉኝ።

አላየሁም ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከእመቤታችን ወንበር በታች ሰዎቹን ከላይኛው ክፍል የሚለይ ቀይ ክፈፍ አለ። የወንዱ እጆች ከክፈፉ በታች ናቸው። የሴቲቱ ቀኝ እጅ ግን ክፈፉን አልፎ የማርያምን ቀሚስ ጫፍ ይዟል። በጣት የሚሸፈን ትንሽ ነገር ነች። ስነግራቸው «አዎ፣ አለች ማለት ነው» አሉ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። ታሪኳን ንገሩኝ ብል ግን እምቢ አሉኝ። «የእሷ ነገር ረጅም ነው። ደግሞ በጾም አይወራም። ከፋሲካ በኋላ ና።»

ፋሲካ ሳይደርስ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወርኩ። በዚያን ዘመን ዝውውር ሲመጣ ሻንጣ ይነሳል እንጂ አይጠየቅም። ስመለስ መንግሥትም ተለውጧል፣ የኔታም አርፈዋል፣ ቤተ ክርስቲያኑም አዲስ ሆኗል፤ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሥዕሉ በዘይት ቀለም የተሠራ፣ ሲያዩት የሚያብረቀርቅ። አሮጌው ጨርቅ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ገብቶ ምስጥ በልቶታል። ሰዎቹ ክፉ አስበው አይደለም፤ ለእመቤታችን አዲስና የተሻለ እንሥራላት ብለው ካላቸው ላይ አዋጥተው ነው። አልተቀየምኳቸውም። እውነቱን ለመናገር ተቀይሜያቸዋለሁ። ስለ ሴቲቱ የምጠይቀው ሽማግሌ ፈለግኩ፤ ታሪኩን የሰማ አንድም አላገኘሁም።

የሚቆጨኝ ይህ ነው። ስለዚህ ነው «ትርጉሙ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲቀድም የማልወደው። የዛሬ ልጆች ትርጉም ትወዳላችሁ፤ ማየት ቶሎ ይሰለቻችኋል። ይባስ ብሎ አንዳንዶቻችሁ ሥዕሉን ሁሉ የተደበቀ ምስጢር አድርጋችሁት፣ ሦስት ማዕዘን ስትቆጥሩና ከመላእክቱ ዓይን ኮድ ስትፈልጉ አያለሁ። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት ባለ ክንፍ ፊቶች ስንት እንደሆኑ እያንዳንዱ አስጎብኚ የየራሱን ቁጥር ይናገራል፤ እኔም የራሴ ነበረኝ። ከመቁጠር ይልቅ አንገታችሁ እስኪታመም ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስተያዩ የቅንድቡ አነሳስ፣ የዓይኑ አቅጣጫ ይለያያል፤ ሠዓሊው አንድ ፊት እየደጋገመ አልተገላገለም። ደግሞ እናንተ ስልካችሁ ላይ አጉልታችሁ የምታዩትን እኛ በሻማ ነበር የምንፈልገው። በዚህ እቀናባችኋለሁ።

ይህን ስል ግን ማንበብ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ እዩ ብያለሁ፤ አንዳንዱ ሥዕል ግን ታሪኩን ካላወቁት ዓይንን ይሸውዳል። በላዔ ሰብእን ውሰዱ። ሚዛን ተሰቅሏል፤ በአንዱ ወገን የበላቸው ሰዎች ነፍሳት ተከምረዋል፤ በሌላው ወገን ያለው ለተጠማ ሰው በማርያም ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው። በዓይን ብቻ ብትፈርዱ የቱ እንደሚከብድ አያከራክርም። ሚዛኑ ግን ወደ ውኃው አጋድሏል፤ ለምን? ተአምረ ማርያምን የሰማ ሰው ዓይኑ በቀጥታ ወደ እመቤታችን ይሄዳል፤ ውኃው ላይ ጥላዋን አሳርፋለች። ታሪኩን ያልሰማው ሠዓሊው የተሳሳተ ይመስለዋል። አያቶቻችሁ አሁንም አሉ፤ ጠይቋቸው። በጾም አንነግርም ካሉም ለምኗቸው።

ስለ ሴቲቱ ሳስብ ብዙ ጊዜ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። አንድ ሰሞን ሠዓሊው ተደፍታ ቀና ብላ ማርያምን እንድታይ ፈልጎ ፊቷን በጎን አደረገው እንጂ ሌላ ነገር የለውም እል ነበር። አሁን እንዲያ አልልም። ወንዱ አጠገቧ በዚያው አኳኋን ተደፍቶ ሁለት ዓይን ተሰጥቶታል፤ እጁ የሚያውቅ ሠዓሊ ለእሷም ይችል ነበር። ስለዚህ አንድ ዓይኗ ኃጢአቷ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የኔታ በጾም ያላወሩትም ለዚህ ይሆናል። ግን እኮ ባለጸጋው ያልደረሰበትን የቀሚሱን ጫፍ የያዘችው እሷ ናት። ሠዓሊው ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የተናገረው። ሁለት ዓይን ጻድቅ፣ አንድ ዓይን ርኩስ የሚለውን ልማድ ባላውቅ አልደነግጥም ነበር፤ ልማዱን ይዤ ብቀር ደግሞ እጇን አላያትም ነበር።

የቀረው ተራ ነገር ነው፤ ፍላሽ አታብሩ፣ ጨርቁን አትንኩ፣ ዲያቆኑን አስፈቅዱ።

ውጭ አገር ለምትሄዱ ግን አንድ አደራ አለኝ። እዚሁ ጎንደር፣ በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የተሠራ አባ እንጦንስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ማርሴል ግሪዮል የመራው የፈረንሳዮች የዳካር-ጅቡቲ ጉዞ እዚህ ሲደርስ የግድግዳውን ሥዕሎች አንስቶ ወሰደ፤ በቦታቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ሠዓሊ የሠራቸው ቅጂዎች ተተኩ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው የጎንደር ስልት ናቸው፤ እንግዲህ ጀርባቸው ልሙጥ፣ ቀለማቸው ደማቅ መሆን አለበት። እኔ በዓይኔ አላየኋቸውም፤ ከዚህ በኋላም ፓሪስ የምደርስ አይመስለኝም። ከእናንተ የደረሰ ካለ ፊታቸው ቁጭ ብሎ ይጻፍልኝ፤ ማን ወዴት እንደሚያይ፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ፣ የማን እጅ የት እንዳለ። «ማርያም ናት» ብላችሁ ብቻ እንዳትልኩልኝ።