የቀበርቾ ጭስና የሰባት ወር ሕፃን ሳል

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ልጄን ሳል ከያዘው ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። አማቴ «የሰው ዓይን ነው» ብለው ማታ ማታ ቀበርቾ ያጥኑታል። ለታላቅ እህቱ ታዝዞ የተረፈ አሞክሳሲሊን ሽሮፕም ሁለት ቀን ሰጥቼዋለሁ። ቀበርቾ ለሕፃን ይጎዳል? ስንት ቀንስ መታጠን አለበት? ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ልጅ እንዲህ እያሳለው ነው ያረፈው።
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ቀበርቾ ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን የጎረቤትዎ ልጅ ነው። ስለዚህ ከእርሱ ልጀምር። አብዛኛው የሕፃናት ሳል ጉንፋን ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይለቃል። የሚያስፈራው የሳንባ ምች ነው። እርሱ ደግሞ ምልክት አለው፤ ምልክቱንም እቤትዎ ሆነው ማየት ይችላሉ።

ምልክቱ የትንፋሽ ፍጥነት ነው። ልጁ ሲረጋጋ፣ ቢቻል ሲተኛ፣ ልብሱን ከደረቱና ከሆዱ ገልጠው ሰዓት እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከፍ ብሎ ሲመለስ አንድ ነው። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሆንም፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። እያለቀሰ ወይም እየጠባ የቆጠሩትንም ይተዉት። ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ዓመት ካለፈው በኋላ እስከ አምስት ዓመቱ ገደቡ 40 ነው፤ ይህ ለእህቱም ይሆንዎታል። 52 ካገኙ ደግመው ይቁጠሩ፤ አሁንም ከ50 ካልወረደ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ይውሰዱት። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ከተዝለፈለፈ ወይም ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ ግን ምን ይቆጠራል? ታቅፈው ይሩጡ።

ሽሮፑ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አሞክሳሲሊን በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ነው። መጠኑም የተሰላው ለእህቱ ነው። ለጉንፋን ምንም አይፈይድም፤ የሳንባ ምች ከሆነ ደግሞ በግምት የተሰጠ መድኃኒት በሽታውን ሸፋፍኖ መርማሪውን ያሳስታል። ይድፉት። እንደሰጡት ግን ለሚያየው ባለሙያ ይንገሩ፤ መደበቅ ከመስጠቱ የባሰ ጥፋት ነው።

አማትዎን አልወቅሳቸውም፤ እኔንም አያቴ አጥነውኛል። ቀበርቾ የኑግና የሱፍ ዘመድ፣ ከአገራችን በቀር በዱር የማይበቅል እሾሃም ተክል ነው፤ ገበያ የሚወጣው ሥሩ ስለሆነ ቆፍረው ባወጡት ቁጥር ተክሉ አብሮ ይጠፋል። ጭሱ ትንኝና እባብ ያባርራል ይባላል። ትንኝ የሚሸሸውን ጭስ የሰባት ወር ሳንባ እንዴት ይቻለው? ዕጣንም ሆነ ቀበርቾ፣ ጭስ ሁሉ የታመመ የአየር ቧንቧን ይቆጣዋል፤ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ደግሞ በራሱ መርዝ ነው። እንግዲህ ስንት ቀን ይታጠን ላሉኝ መልሴ አንድም ቀን አይታጠን ነው። እርሳቸው ከፈለጉ ደጅ ያጭሱት፤ ልጁ ግን እዚያ አይኑር።

ዛሬ ማታ ይቁጠሩ። ከ50 በታች ቢሆንም መድኃኒት ስለጀመሩለት ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ያሳዩት። የክትባት ካርዱንም ይያዙ፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው የሳንባ ምች መከላከያ ጎድሎት እንደሆነ ይጠይቁልኝ።