ከተመረቃችሁ በኋላ ኮዱ የት ይደር?

ደብረ ብርሃን የምትማር አንዲት ልጅ በቀደም «ጋሼ፣ ለመመረቂያ የሠራሁትን ሶፍትዌር ከዲፌንስ በኋላ ምን ላድርገው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

መንዝ ውስጥ የበግ ዝርያ ማሻሻል ላይ አብሮኝ የሠራ ተመራማሪ ነበር። መምህር እንጂ ፕሮግራመር አልነበረም። ፎክስፕሮ የተባለውን የዳታቤዝ መሥሪያ ራሱን በራሱ አስተምሮ የግልገሎችን ልደትና ክብደት የሚመዘግብ ፕሮግራም ሠራ። ግልገሎችን የምናነጻጽረው በ90 ቀን ክብደታቸው ነው። የልደት ቀኑ ከተሳሳተ በዕድሜ ትልቁ ግልገል ፈጣን አዳጊ መስሎ ይታያል፤ ለዘር የሚቀረው አውራም ይሳሳታል።

የመንዝ ገበሬ ደግሞ ቀኑን በቁጥር አይነግራችሁም። «ለሚካኤል ማግስት ወለደች» ይላል። ወይም «ለጊዮርጊስ ዋዜማ፣ ከብት ሲገባ»። መዝጋቢው በጣቱ ይቆጥራል፣ ወደ ፈረንጅ ቀን ይለውጣል፣ ይሳሳታል። ባልደረባዬ ይህን አይቶ የ30ዎቹን ቀናት ስም ፕሮግራሙ ውስጥ ከተተ። ወሩን ትመርጣላችሁ፣ ሚካኤልን ትመርጣላችሁ፣ «ማግስት» ትላላችሁ። ማሽኑ 13 ብሎ ይመዘግብና ራሱ ወደ ፈረንጅ ቀን ይመልሰዋል። ብዙ ፕሮግራም «እንዲህ ያለ ወር የለም» ብሎ የሚገፋትን ጳጉሜንም 5 ቀን ትሁን 6 ለይቶ ያውቃታል።

ያኔ ፊደላችን ገና ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ አልገባም፤ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ የታቦታቱን ስም በላቲን ፊደል ነበር የጻፈው። አንዲት እናት አጠገባችን ቆመው መዝጋቢው ስክሪኑን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰሙ። «ማሽኑም ማርያምን ያውቃል?» አሉ። ከዚያ ወዲህ የግልገሎቻቸውን ልደት ሳይጠየቁ ይነግሩን ጀመር። በዚያ ሌሊት ባና ተከናንበን እስኪነጋ ስለ ፕሮግራሙ አወራን። የመንዝን ብርድ ያለ ባና የሚችል ሰው አላየሁም።

ባልደረባዬ ታሞ አረፈ። ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ሲሠራ የጻፈው ትእዛዝ፣ የነበረው እሱ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ ማሽኑን ፎርማት አድርጎ ለሌላ ክፍል ሰጠው። በየገጠሩ የቀረው የሚከፈተው ፋይል ብቻ ነው። ይሠራል፣ ግን ውስጡን ማስተካከል አይቻልም። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ሲመጣ በድሮው ሥርዓት በዶስ የተሠራ ፕሮግራም አልቀበልም አለና እሱም ቀረ። መዝጋቢዎቹ ወደ ደብተርና ኤክሴል ተመለሱ። ጥናቱ ታትሟል፣ ሰንጠረዡም አለ። ቁጥሩ እንዴት እንደመጣ የሚያሳየው ግን የለም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጊት ተጠቀሙ፣ ባክአፕ ያዙ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የምለምናችሁ ኮዱን ከጥናቱ እንዳታሳንሱት ነው። ዛሬ ዳታችሁን የምትተነትኑበት አር (R) የተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም የተጀመረው ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የጀመሩት ሁለት መምህራን፣ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን ናቸው። በ1995 እ.ኤ.አ. በነፃ ፈቃድ ለቀቁት። ተቆልፎበት ቢሆን እኛ ጋ ባልደረሰ። ሰርን የተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል የሚያስተዳድረው ዜኖዶ የተባለ የኢንተርኔት ማከማቻ ኮዳችሁን በነፃ ተቀብሎ ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ይጠቀሳል። ላይሰንስ፣ ማለትም የአጠቃቀም ፈቃድ፣ ጨምሩበት፤ ያለ እሱ ሌላ ሰው ልጠቀምበት ቢል መብት የለውም። ሪድሚውን፣ ከኮዱ ጋር የሚሄደውን መግለጫ፣ በአማርኛም ጻፉት። የመንዝ ሞላሌ መዝጋቢ እንግሊዝኛ የማንበብ ግዴታ የለበትም።

ብዙዎቻችሁ ገበሬውን ሳታነጋግሩ ሎጎ ታሠራላችሁ። አፑ ያምራል፣ የልደት ቀን የሚሞላበት ቦታ ግን የፈረንጅ ካላንደር ብቻ ነው። ይህ ያናድደኛል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እናንተ ኮድ ለመካፈል አትሳሱም፤ የኛ ትውልድ ዲስኬቱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ነው ጡረታ የወጣው። እና ሁሉን ክፈቱ አልኩ እንጂ የገበሬውን ስም፣ ስልክና የበጎቹን ብዛት አትልቀቁ። እሱ የእናንተ አይደለም።

የታቦታቱን ቀን ቆጠራ እንደገና መጻፍ የሚፈልግ ካለ፣ የ30ዎቹ ቀናት ዝርዝርና ጥቂት የመዝጋቢዎች ደብተር እኔ ጋ አሉ። «ዋዜማ»፣ «ማግስት»፣ «ሠልስት» እያሉ የጻፉበት ነው። ኑና ኮፒ አድርጉት።