ዋሽንግተን በ9 ሰዓት አይደረስም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እናትሽ በጥር ዋሽንግተን ሊሄዱ ነው። ትኬቱ ላይ መነሻው 22:30፣ መድረሻው በማግስቱ 07:30 ይላል። ሲመለሱ ደግሞ 11:00 ተነስተው በማግስቱ 08:00 ይገባሉ። ስትቀንሺው መሄጃው 9፣ መመለሻው 21 ሰዓት መጣልሽና «ርቀቱ አንድ ሆኖ እንዴት?» አልሽ። ፒያሳ ትኬት ቢሮ ውስጥ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ይህን ሒሳብ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም።

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የየከተማው ሰዓት ነው። ዋሽንግተን በጥር ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነች፤ በሰኔና በሐምሌ 7 ትሆናለች። ስለዚህ መሄጃው ላይ 8 ጨምሪ፣ መመለሻው ላይ 8 ቀንሺ፤ 17 እና 13 ይመጣል። የሚረዝመው እንግዲህ መሄጃው ነው።

በአየር ርቀቱ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች በሰዓት 900 ገደማ ስለሚበሩ 13 ሰዓቱ ልክ ነው። ታዲያ ሲሄዱ 4 ሰዓት ከየት ተጨመረ? ነገሩ ከከፍታችን ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ከባሕር ዳር አየር 20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ክንፉም ሞተሩም አየር ያጥራቸዋል። ሙሉ መንገደኛ፣ ያ ሁሉ በርበሬና ሽሮ የታጨቀበት ሻንጣ፣ በዚያ ላይ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ተጭኖ ከዚህ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ነዳጁ ይቀነስና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል፤ ደብሊንም ሎሜም ለዚሁ ያገለገሉበት ጊዜ አለ። ከዋሽንግተን ሲነሳ ግን የከተማዋ ደለስ ኤርፖርት ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ታንኩን ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል።

እናትሽን አንድ ነገር አስጠንቅቂያቸው፤ አውሮፕላኑ ለነዳጅ ሲያርፍ «ደረስን» ብለው እንዳይነሱ፤ አስተናጋጆቹ ውረዱ ካላሉ ቁጭ ይበሉ።

ሌላው፣ ከርቀቱ ይልቅ ሰው የሚያስቀረው ሰዓቱ ነው። የእናንተ 22:30 በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው፤ ይሄ ቀላል ነው። ጉዱ 00:30 የሚል ትኬት ሲመጣ ነው። 12ኛው ቀን 00:30 ማለት የ11ኛው ቀን ሌሊት 6:30 ነው፣ በእኛ ቀን ገና አልነጋም። አንድ ደንበኛችን ቤተሰቡን ተሰናብቶ፣ ሻንጣውን በፕላስቲክ አስጠቅልሎ በ12ኛው ቀን ማታ ቦሌ ሄደ። አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ነበር።

ከፒያሳ ከሆናችሁ ከቀኑ 11:30 ግድም ውጡ። 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይን ማለፍ ራሱን የቻለ በረራ ነው።