የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ከጅማ ወደ ጃማይካ ተራሮች

ጥያቄ፦ ጅማ ሄርማታ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ የታጠበ ቡና ላይ ነው። ጃማይካ ለመሄድ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። የጠየቅኋቸው ሁሉ የሚነግሩኝ ስለ ባሕር ዳርቻው ብቻ ነው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ሌላ የሚታይ ነገር አለ? መቼስ ልሂድ?

መልስ፦ ባሕሩን ሁለት ቀን ይዩትና ከዋና ከተማው ከኪንግስተን ወደ ብሉ ማውንቴን ተራሮች ይውጡ። እዚያ የሚያዩት ቡና መነሻው የእኛው አገር ነው። ከኢትዮጵያ ወደ የመን፣ ከየመን በሆላንዶች እጅ ወደ ጃቫና አምስተርዳም፣ ከዚያም በፓሪስ በኩል ወደ ማርቲኒክ ተሻገረ። ጃማይካ የገባው በ1728 እ.ኤ.አ. የቀድሞው አገረ ገዢ ኒኮላስ ሎውስ ሲያስተክለው ነው። ቲፒካ የሚባለው ዝርያ ዛሬም ማሳው ላይ አለ።

«ብሉ ማውንቴን» ተብሎ የሚሸጠው ከባሕር ጠለል በላይ ከ910 እስከ 1,700 ሜትር ድረስ የበቀለው ነው። «የእኛ ማሳ ከዚህ ይበልጣል» ቢሉ ልክ ነዎት። ነገር ግን ጃማይካ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 18 ዲግሪ ላይ ናት፤ ጅማ ግን 8 እንኳ አትሞላም። ስለዚህ እዚያ ቅዝቃዜው ዝቅ ካለ ከፍታ ይጀምራል። ጭጋጉም ፀሐዩን ስለሚጋርድ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል።

ከሁሉ በላይ ማድረቂያውን ልብ ብለው ይዩ። «ባርቤኪው» የሚሉት የሲሚንቶ ወለል ነው፤ እንደ እኛ የማድረቂያ አልጋ ከሥሩ አየር አያገኝም። ቡናው ቶሎ ቶሎ ካልተገለበጠ የታችኛው ይታፈናል፣ የላይኛው ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ከመጣ ደግሞ በሩጫ ይሰበሰባል። ለውጭ ገበያ የሚሄደው በጆንያ ፋንታ በእንጨት በርሜል ይታሸጋል፤ ትልቁ በርሜል 70 ኪሎ ይይዛል።

ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት ይሂዱ። የጅማ ለቀማ ያኔ አልቋል፣ እዚያ ደግሞ ደረቅ ወቅት ነው፤ ከፍ ባሉት ማሳዎችም ገና ለቃሚ ያገኛሉ። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ነው፤ ክፉው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያለው ነው። ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ሜሊሳ የተባለው ደቡብ ምዕራቡን ክፉኛ ስለመታ፣ በዚያ በኩል ማረፊያ ከመያዝዎ በፊት መብራትና ውሃ መኖሩን ደውለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ተራራው ላይ ያሉት ትንንሽ ከተሞች ድረስ መኪና አለ?

መልስ፦ ከኪንግስተን ፓፒን ወደሚባለው ሰፈር ሄደው ማቪስ ባንክ የሚሄድ ታክሲ ይያዙ። ሕጋዊው ታክሲ ቀይ ታርጋ አለው። ከማቪስ ባንክ በላይ ወደ ሃግሊ ጋፕና ፔንላይን ካስል የሚወጣው መንገድ ኮረኮንችና ቀጥ ያለ አቀበት ስለሆነ፣ ላንድ ክሩዘር ዓይነት ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ያስፈልጋል።

የብሉ ማውንቴን ጫፍ 2,256 ሜትር ነው። ከፔንላይን ካስል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይነሳሉ፤ አቀበቱ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል። በሌሊት የሚወጣበት ምክንያት ረፋዱ ላይ ደመናው ሁሉን ስለሚሸፍን ነው፤ በጊዜ ደርሰው ሰማዩ ከጠራ በስተሰሜን ኩባ ትታያለች። ብዙ ሰው «ሞቃት ደሴት» ብሎ በቲሸርት ይወጣና ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፤ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና የግንባር ባትሪ አይርሱ።

ከባርነት ያመለጡት የማሩኖች ከተማ የሆነችው አኮምፖንግ በሌላው የደሴቲቱ ጫፍ ናት። ከእንግሊዞች ጋር በ1739 እ.ኤ.አ. የተዋዋሉትን ሰላም በየዓመቱ ጃንዋሪ 6 ያከብራሉ። ቀኑ የእኛ የገና ዋዜማ ነውና ከቤተሰብ ጋር ተመካክረው ይወስኑ።

ጥያቄ፦ የጉዞ ወረቀቱስ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ትራንዚት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም። አሜሪካ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ ቪዛ ትጠይቃለች፤ የሼንገን አገሮችም ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የጃማይካን የመግቢያ ደንብ ካጣሩ በኋላ፣ ቲኬት ከመግዛትዎ በፊት የሚያልፉባቸውን አገሮች ሁሉ አንድ በአንድ ይጠይቁ፤ አለበለዚያ ከቦሌ ይመለሳሉ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያስፈልጋል፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ከዚያ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ለሚቀበሉኝ የቡና ገበሬዎች የጅማ ጥሬ ቡና ብወስድላቸውስ?

መልስ፦ በፍጹም። ጥሬ ቡና፣ ጀንፈል፣ ችግኝ፣ ቅጠልም ሆነ አፈር አይውሰዱ። ሲቢዲ የምንለው የቡና ፍሬ በሽታ እስከ ዛሬ ከአፍሪካ አልወጣም። በሽታው ጅማ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቁታል፤ በሩብ ሄክታር ቡና የሚተዳደር የማቪስ ባንክ ገበሬ ላይ አያምጡበት። ጀበናና ስኒ በልብስ ጠቅልለው ይውሰዱላቸው። ማሳ የሚገቡበት ጫማ አዲስ ቢሆን ይሻላል፤ ካልሆነም በሳሙናና በብሩሽ አጥበው፣ ሶሉ ውስጥ የተወሸቀውን ጭቃ በእንጨት ፍቀው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው ሻንጣ ያስገቡት።